ከፔሮሉ የመጨረሻ ዓምድ አያካፍሉ፦ የቡድን ቦነስ ድርሻ እንዴት ይሰላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦

«በአንድ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ድርጅት የወጪ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አምስት ሰዎች ያሉበት ቡድን በአራት ሳምንት 300 ኮምባይንድ ዴስክ ሠርቶ አስረከበ። ለአንድ ዴስክ የተመደበው 4 ሰዓት ሲሆን አምስቱ በጠቅላላው የሠሩት 960 ሰዓት ነው። ከተቆጠበው ሰዓት ግማሹ ለቡድኑ ቦነስ እንደሚሆን ሥራ አስኪያጁ አስቀድሞ ቃል ገብቶ ነበር፤ ድምሩ 5,385 ብር ሆነ። መጀመሪያ እኩል ላካፍል ስል ዋናው በያጅ ተቃወመ። ስለዚህ ፔሮሉ (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ) ላይ ባለው ጠቅላላ ክፍያ ልክ አካፍዬ ከፈልኩ። አሁን ደግሞ አናጢው ‹አንድ ሳምንት ታማ የቀረችው ቀቢ በኛ ላብ ተከፈላት› እያለ ነው። ትክክለኛው አከፋፈል የቱ ነው? ለትእዛዙስ የሠራተኛ ወጪ ብዬ የምይዘው ምን ያህል ነው?»

አናጢው ልክ ነው። አነጋገሩ ለቀቢዋ ትንሽ ከበድ ቢልም ሒሳቡ ከሱ ጋር ነው። ዋናው በያጅም ልክ ነበር። እርስዎ ከአንዱ ቅሬታ ሸሽተው ወደ ሌላው የገቡት የማካፈያውን መሠረት ከተሳሳተ ሰነድ ስለወሰዱት ነው።

እዚህ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ስሌቶች አሉ። አንደኛው ድምሩ ገንዘብ እንዴት ተገኘ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ያ ገንዘብ ለማን ስንት ይደርሳል የሚለው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻውን ነጥሎ ይከራከርበታል፦ እኩል ይሁን፣ በደመወዝ ይሁን፣ በሰዓት ይሁን እየተባለ ስብሰባ ይቀመጣል። እኔ የምለው፣ ድምሩ የተገኘበት መንገድ የሚከፋፈልበትን መንገድ አብሮ ይዞ ይመጣል። የርስዎ ቡድን ቦነስ የመጣው ከተቆጠበ ሰዓት ነው፤ ሰዓቱም ወደ ብር የተለወጠው በሠራተኞቹ የሰዓት ዋጋ ነው። ስለዚህ ሲከፋፈልም በሁለቱ ነው፦ በሠሩት ሰዓትና በሰዓት ዋጋቸው። ሌላ ነገር ከገባበት አንዱ ያልሠራውን ይወስዳል።

ወደ ቁጥሮቹ እንሂድ። የላኩልኝ የወር ደመወዝ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ሰዓት ዋጋ እንለውጠው። በሳምንት 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይመጣል። አንዳንድ ቤት 30 ቀን በ8 ሰዓት ብለው በ240 ያካፍላሉ፤ ያ የዕረፍት ቀኑን እንደ ሥራ ቀን ስለሚቆጥር የሰዓቱን ዋጋ ያሳንሳል፣ ትርፍ ሰዓት ሲሰላ ደግሞ ሠራተኛውን ይጎዳል። በ208 ሲካፈል እንዲህ ይሆናል፦

ዋና በያጅ፦ 12,480 ብር፣ በሰዓት 60 ብር፣ የሠራው 192 ሰዓት
ሁለተኛ በያጅ፦ 10,400 ብር፣ በሰዓት 50 ብር፣ የሠራው 216 ሰዓት (24ቱ ትርፍ ሰዓት)
አናጢ፦ 10,400 ብር፣ በሰዓት 50 ብር፣ የሠራው 192 ሰዓት
ቀቢ፦ 8,320 ብር፣ በሰዓት 40 ብር፣ የሠራችው 144 ሰዓት (48 ሰዓት የሕመም ፈቃድ)
ረዳት፦ 5,200 ብር፣ በሰዓት 25 ብር፣ የሠራው 216 ሰዓት (24ቱ ትርፍ ሰዓት)

የሰዓቱ ድምር 960 ነው፤ ከርስዎ ጋር ይገጥማል። አሁን እያንዳንዱን ሰዓት በዋጋው ያባዙ፤ ትርፍ ሰዓቱንም ጭምር፣ ግን በተራው (ያለ ትርፍ ሰዓት ጭማሪው) ዋጋ። ዋናው በያጅ 11,520፣ ሁለተኛው 10,800፣ አናጢው 9,600፣ ቀቢዋ 5,760፣ ረዳቱ 5,400 ብር። ድምሩ 43,080 ብር። ይህን ቁጥር ያስምሩበት፤ ቦነሱ የሚከፋፈለው በዚህ ላይ ነው።

ሥራ አስኪያጁ 5,385 ብርን ያገኘውም ከዚሁ ነው። 300 ዴስክ በ4 ሰዓት 1,200 የተፈቀደ ሰዓት ይሰጣል። ከዚያ ላይ የተሠራው 960 ሲቀነስ 240 ሰዓት ተቆጥቧል። ግማሹ 120 ሰዓት ነው። የቡድኑ አማካይ የሰዓት ዋጋ 43,080 ለ960 ሲካፈል 44.875 ብር ይሆናል። 120 በ44.875 ሲባዛ 5,385 ብር። አማካዩ በሰዓት የተመዘነ መሆኑን ልብ ይበሉ። አምስቱን የሰዓት ዋጋዎች ደምረው ለአምስት ቢያካፍሉ 45 ብር ይመጣልዎታል፣ ቦነሱም 5,400 ይሆናል። እዚህ የ15 ብር ልዩነት ብቻ ስለሆነ የሚያስጨንቅ አይመስልም። ረዳቶች ብዙውን ሰዓት የሚሠሩበት ቡድን ቢሆን ግን ልዩነቱ ይሰፋል፤ ድርጅቱ ያላዳነውን ገንዘብ ይከፍላል።

አሁን ድርሻው። 120ን ለ960 ያካፍሉ፤ 12.5 በመቶ። አለቀ። እያንዳንዱ ሠራተኛ በተራ ዋጋው ካገኘው ላይ 12.5 በመቶ ይጨመርለታል፦

ዋና በያጅ፦ 11,520 × 12.5 በመቶ = 1,440 ብር
ሁለተኛ በያጅ፦ 10,800 × 12.5 በመቶ = 1,350 ብር
አናጢ፦ 9,600 × 12.5 በመቶ = 1,200 ብር
ቀቢ፦ 5,760 × 12.5 በመቶ = 720 ብር
ረዳት፦ 5,400 × 12.5 በመቶ = 675 ብር

ድምር 5,385 ብር። ሳንቲም አልተረፈም፣ አልጎደለምም። የዚህ አሠራር ጥቅሙ ቁጥሩ ስለተስተካከለ ብቻ አይደለም። «ሁሉም በሠራው ላይ አሥራ ሁለት ተኩል በመቶ አገኘ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለሠራተኛው መናገር ይቻላል፤ ማንም ሞባይሉን አውጥቶ ራሱ ያረጋግጠዋል። ድምሩን ወስዶ፣ ለድምር ደመወዝ አካፍሎ፣ እንደገና ማባዛትም ወደዚሁ ያደርሳል፤ መቶኛው በቀጥታ ከሰዓቱ ስለሚወጣ ግን መዞር አያስፈልግም።

እርስዎ የተጠቀሙበት የፔሮሉ ዓምድ ድምሩ 45,900 ብር ነው። ከ43,080 በምን ተለየ? 2,820 ብር ትርፍ አለው። 900 ብሩ የትርፍ ሰዓት ጭማሪ ነው፦ ሁለቱ ሠራተኞች ያመሹት በሥራ ቀን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሰዓታቸውን ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ ያገኛሉ፤ ግማሹ ጭማሪ ለሁለተኛው በያጅ 600፣ ለረዳቱ 300 ብር ነው። የቀረው 1,920 ብር የቀቢዋ የሕመም ፈቃድ ክፍያ ነው፤ የመጀመሪያው ወር ሕመም ሙሉ ደመወዝ ያስከፍላልና 48 ሰዓት በ40 ብር።

ሁለቱም ክፍያዎች ሕጋዊ ናቸው፣ ለባለቤቶቹ ይገባቸዋል። ዳሩ ግን አንዱም የተቆጠበ ሰዓት አላስገኘም። የትርፍ ሰዓት ጭማሪ ሰው በዕረፍት ሰዓቱ በመድከሙ የሚካስበት ነው፤ በዚያ ሰዓት ስለሠራ የዴስኩ እግር በፍጥነት አይበየድም። የሕመም ክፍያ ደግሞ ቀቢዋ አልጋ ላይ እያለች የተከፈላት ነው። በ45,900 ላይ ሲያካፍሉ መቶኛው ወደ 11.73 ዝቅ አለና ቀቢዋ በ720 ፈንታ 901.02 ብር ወሰደች። 181.02 ብሩ ከየት መጣ ቢሉ፣ ከዋናው በያጅ 88.47፣ ከአናጢው 73.73፣ ከሁለተኛው በያጅ 12.55፣ ከረዳቱ 6.27። አናጢው በትክክል ይህን ሽርፍራፊ ሳያሰላው አልቀረም። የሚገርመው ሁለቱ ያመሹት ሠራተኞች እንኳ የትርፍ ሰዓት ጭማሪያቸው መካፈያው ውስጥ ገብቶላቸው ሳለ ከሰሩ እንጂ አላተረፉም፤ የሕመሙ ክፍያ ዋጠባቸው።

ሌላ ወር፣ ማንም ሳይታመም ቢሆን ኖሮ ደግሞ ስሕተቱ አይታይም ነበር። ብዙ ቤት በጠቅላላ ክፍያ ሲካፈል ዓመታት የሚያልፉት ለዚህ ነው። አንድ ሰው ሲታመም ወይም ዓመት ፈቃድ ሲወጣ ብቻ ጠቡ ይነሳል፤ ያኔ ሒሳብ ክፍሉ የሰዎቹ ምቀኝነት ይመስለዋል።

እኩል ማካፈልን በተመለከተ አጭር ልበል። 5,385 ለአምስት 1,077 ብር ነው። ሁሉም በተቀራረበ ደመወዝ፣ በእኩል ሰዓት፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ለምሳሌ ጫኝና አውራጆች። በርስዎ ቡድን ግን 144 ሰዓት የሠራችና 216 ሰዓት የሠራ እኩል ሊወስዱ ነው። በሰዓት ዋጋ ብቻ ማካፈልም (ያለ ሰዓቱ ማለቴ ነው) ይኸው ጉድለት አለበት፦ ቀቢዋ 957.33 ብር ታገኛለች፤ የቀረችበት ሳምንት የትም አይታይም። በሒሳብ ትምህርት ፈተናዎች ላይ ይህ አከፋፈል የሚመጣው ሁሉም እኩል ሰዓት ሠሩ ተብሎ ነው፤ ያ ሁኔታ በእውነተኛ ወርክሾፕ ውስጥ ከስንት አንዴ ነው የሚያጋጥመው።

በሰዓት ብቻ ማካፈል ግን ከነዚህ የተለየ ነው፤ ቆም ብለን ልናየው ይገባል። 5,385 ለ960 ሲካፈል በሰዓት 5.609375 ብር ነው። 192 ሰዓት የሠሩት 1,077 ብር፣ 216 የሠሩት 1,211.63፣ ቀቢዋ 807.75 ብር ያገኛሉ። (ደምረው ካዩት 5,385.01 ይመጣል። ሁለቱ የ216 ሰዓት ድርሻዎች 1,211.625 ሆነው ሁለቱም ወደ ላይ ስለተጠጋጉ ነው። በማንኛውም አከፋፈል የመጨረሻውን ሰው ድርሻ ከድምሩ በመቀነስ ያውጡት፤ የባንክ ዝርዝሩና ቫውቸሩ በሳንቲም አይጣሉም።) ረዳቱ በዚህ ከ675 ወደ 1,211.63 ይዘላል፤ ዋናው በያጅ ከ1,440 ወደ 1,077 ይወርዳል።

ፍትሕ የቱ ጋ ነው? እንደ ቦነሱ ምንጭ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቃል የገባው በሌላ መንገድ ነበር እንበል፦ «በ960 ሰዓት 240 ዴስክ ታርጌታችሁ ነው፤ ከዚያ በላይ ለምትሠሩት እያንዳንዱ ዴስክ 90 ብር።» 60 ትርፍ ዴስክ 5,400 ብር ያመጣል። እዚህ ስሌት ውስጥ የማንም ደመወዝ የለም። ዋናው በያጅ በሰዓት 60 ቢከፈለውም 600 ቢከፈለውም ድምሩ ያው 5,400 ነበር። እንዲህ ሲሆን በሰዓት ማካፈል ይበልጥ ያስኬዳል፦ በሰዓት 5.625 ብር፣ ለ192 ሰዓት 1,080፣ ለ216 ሰዓት 1,215፣ ለ144 ሰዓት 810 ብር። ዋናው በያጅ «የኔ እጅ ነው ያፋጠነው» ሊል ይችላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ያ ግን ገና ሥራው ሳይጀመር መነጋገር ያለበት ጉዳይ ነው፣ ገንዘቡ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ አይደለም።

በግሌ፣ በደመወዝ የተመዘነው አከፋፈል ትክክል ቢሆንም ረዳቱ ላይ ይከብዳል ብዬ አምናለሁ። ላሜራ የሚያቀርበው፣ የተበየደውን የሚያነሳው፣ ቀለም የሚሸከመው እሱ ነው፤ እሱ ከዘገየ አራቱም ቆመው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ለሚቀጥለው ትእዛዝ ነጥብ የሚባለውን መንገድ ቢያስቡበት ጥሩ ነው። ለዋናው በያጅ በሰዓት 1.5 ነጥብ፣ ለሁለተኛው በያጅ፣ ለአናጢውና ለቀቢዋ 1.25፣ ለረዳቱ 1 ነጥብ ተስማምተው ይመድባሉ። ሰዓቱን በነጥቡ ሲያባዙ የቡድኑ ድምር 1,194 ይሆናል፤ 5,385ን ለዚያ ቢያካፍሉ አንዱ ነጥብ ወደ 4.51 ብር ይጠጋል። ዋናው በያጅ 1,298.89፣ ረዳቱ 974.17 ያገኛል። ነጥቡ ሌላም በሽታ ያድናል፦ ደመወዙ ከፍ ያለው በሙያው ሳይሆን በቆይታው የሆነ ሠራተኛ ካለ፣ የአገልግሎት ዘመኑ ሁለት ጊዜ እንዳይከፈለው ያደርጋል። አደጋው ነጥቡን ማን መደበ የሚለው ነው። አለቃ ብቻውን ከመደበው ነጥብ ሳይሆን ቂም ነው የሚሆነው፤ ቡድኑ ራሱ ቁጭ ብሎ ተስማምቶ ቢፈርምበት ይሻላል።

ለአሁኑ ትእዛዝ ግን ነጥብ የለም። ቃሉ በሰዓት ቁጠባ ነበር፤ 12.5 በመቶው ይጸናል።

ስለ አከፋፈሉ ይህን ያህል ካልኩ፣ ብዙ ጊዜ ጉዱ ያለው ሰዓቱ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ስሌቱ የቱንም ያህል የተጣራ ቢሆን 960 የሚለው ቁጥር ካልታመነ ሁሉም ይፈርሳል። ሰዓቱ ከበር መግቢያው አቴንዳንስ ሳይሆን ከሥራ ካርዱ መምጣት አለበት። አቴንዳንሱ ሰው ግቢ ውስጥ እንደነበረ ይነግርዎታል፤ በዚህ ትእዛዝ ላይ እንደሠራ አይነግርዎትም። ረዳቱ ሦስት ቀን ለሌላ ትእዛዝ በር ሲሸከም ከነበረ 24 ሰዓቱ ከዚህ ቡድን ይወጣል፣ የዚያኛው ትእዛዝ ወጪ ይሆናል።

መብራት የጠፋበት ሰዓትስ? ይህን እርስዎ አልጠየቁም፤ ብየዳ ያለበት ቤት ግን ሳይጠየቅ አይቀርም። በአራቱ ሳምንት ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን መብራት ጠፍቶ አምስቱም ለ8 ሰዓት ቆመው ዋሉ እንበል። 40 ሰዓት ነው። ይህ ከ960 ውስጥ ካልወጣ ቡድኑ በራሱ ባልሆነ ጥፋት ከቦነሱ ከፊሉን ያጣል። ከወጣ የሠሩት 920፣ የተቆጠበው 280፣ ግማሹ 140 ሰዓት ይሆናል፤ ቦነሱ ወደ 6,281.74 ብር ያድጋል። የ896.74 ብር ልዩነት ነው፤ ሥራ አስኪያጁ በደስታ አይቀበለውም። የኔ አቋም የቆመ ሰዓት በካርዱ ላይ በሰዓቱ ከተመዘገበና የፈረቃው ኃላፊ ከፈረመበት መውጣት አለበት የሚል ነው፤ ወሩ ሲያልቅ «ያኔ መብራት አልነበረም» ተብሎ በቃል የሚነገረው ግን አይቆጠርም። የወጣው ሰዓት ደመወዝ የትእዛዙ ቀጥተኛ ወጪ መሆኑ ይቀርና ኦቨርሄድ (ለአንድ ትእዛዝ ብቻ የማይያዝ የጋራ ወጪ) ውስጥ ይገባል።

ድጋሚ ሥራ ተቃራኒው ነው። ብየዳው ተሰንጥቆ ወይም ቀለሙ ተላጦ ከጥራት ቁጥጥር የተመለሰ ዴስክ ሲጠገን የሚወስደው ሰዓት ከ960 ውስጥ ይቆጠራል፤ ለዚያ ዴስክ ግን ሁለተኛ 4 ሰዓት አይፈቀድም። የተፈቀደው ሰዓትም የሚባዛው ጥራት ባለፈው ዴስክ ብዛት ነው። ይህን ካላደረጉ ቡድኑ በጥድፊያ ሠርቶ ቦነሱን ይወስዳል፣ ተመላሹን ደግሞ በሚቀጥለው ወር በሌላ ካርድ ያስተካክላል።

በነገራችን ላይ ሥራ አስኪያጁ የተጠቀመበት ግማሽ ለግማሽ አሠራር መነሻው ሃልሲ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1891 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዕቅድ ነው። በስኮትላንድ ግላስጎው ሮዋን የተባለ ሰው በ1898 ያወጣው ሌላ መንገድ አለ፦ የተቆጠበውን ሰዓት ለተፈቀደው ያካፍላል። በርስዎ ቁጥር 240 ለ1,200፣ ማለትም 20 በመቶ። ከ43,080 ላይ ሲሰላ ድምሩ 8,616 ብር ይሆን ነበር፤ ዋናው በያጅ 2,304፣ ረዳቱ 1,080 ብር። ቡድኑ ይህን ቢሰማ ሮዋንን ይመርጣል። ቁጠባው ከተፈቀደው ሰዓት ከግማሽ በታች እስከሆነ ድረስ ሮዋን ይበልጣል፣ በግማሹ ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ በላይ ሃልሲ ያይላል። ሮዋን ቦነሱ የደመወዙን ያህል እንዳይደርስ ልጓም አለው፤ ስለዚህ የ4 ሰዓቱ ግምት በዘፈቀደ ለተቀመጠበት ድርጅት ይበጃል። የማካፈሉ ነገር ግን በሁለቱም አንድ ነው፦ መቶኛው ይወጣል፣ በየሰው የተራ ዋጋ ደመወዝ ይባዛል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ። የትእዛዙ ቀጥተኛ የሠራተኛ ወጪ 43,080 ሲደመር 5,385፣ 48,465 ብር ነው። ለአንድ ዴስክ 161.55 ብር። ቡድኑ ምንም ሳይቆጥብ 1,200ውን ሰዓት ሙሉ ቢጠቀም ኖሮ በዚያው አማካይ ዋጋ 53,850 ብር፣ ለአንድ ዴስክ 179.50 ብር ይወጣ ነበር። ስለዚህ ድርጅቱ ቦነሱን ከፍሎም ከአንድ ዴስክ 17.95 ብር ተርፎታል፤ በጠቅላላው 5,385 ብር፣ ልክ ቡድኑ ያገኘውን ያህል። ግማሽ ለግማሽ ማለት ይኸው ነው። ቦነሱን «የማበረታቻ ወጪ» ብለው አስተዳደር ውስጥ አይክተቱት። ከዚህ ትእዛዝ የመጣ ስለሆነ እዚሁ ይዋል፤ ያለበለዚያ ለሚቀጥለው ጨረታ ዋጋ ሲሰጡ ዴስኩ ከእውነቱ ረክሶ ይታይዎታል።

የሕመሙ 1,920 ብር ኦቨርሄድ ነው። የትርፍ ሰዓት ጭማሪው 900 ብር እንደ ምክንያቱ ይለያያል፦ ደንበኛው «ትምህርት ቤት ሳይከፈት ይድረስልኝ» ብሎ አስቸኩሎ ከሆነ ትእዛዙ ይሸከመዋል፤ ድርጅቱ ሥራ ስለተደራረበበት ካመሸ ኦቨርሄድ ይሁን። ለቡድኑ አባል ያልሆነ ሱፐርቫይዘር ወይም ንብረት ክፍል ሠራተኛ ምስጋና ብለው የሚሰጡት ቦነስ ካለ እሱም ቀጥተኛ ወጪ አይደለም፤ ከ5,385ቱም አይቀነስም።

ክፍያው ላይ ሁለት ነገር ይያዙ። ቦነስ ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ስለሆነ ከወሩ ደመወዝ ጋር ተደምሮ ግብር ይቆረጥበታል። በተሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ማስከፈያ ዋናው በያጅ 12,480 ላይ 1,440 ሲጨመርለት 13,920 ስለሚሆን ቦነሱ በሙሉ 30 በመቶው ደረጃ ላይ ያርፋል፦ 432 ብር ግብር፣ እጁ የሚገባው 1,008 ብር። ረዳቱ ከነትርፍ ሰዓቱና ከነቦነሱ 6,775 ብር ስለሆነ 20 በመቶው ደረጃ ላይ ነው፤ ከ675 ብር 540 ይደርሰዋል። ይህን አስቀድመው ካልነገሯቸው «ቦነሱን ሒሳብ ክፍል በላው» ይባላል። ጡረታ ግን የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ስለሆነ 7 እና 11 በመቶው ቦነሱን አይነካም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 53ም ቦነስ ከደመወዝ አይቆጠርም፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ወር የትርፍ ሰዓት ዋጋ ሲያወጡ ቦነሱን ከ12,480ው ጋር ደምረው ለ208 እንዳያካፍሉ።

የቀረው አስቀድመው የከፈሉት ነው። ቀቢዋ 181.02 ብር በልጦ ተከፍሏታል፣ አራቱ ጎድሎባቸዋል። ከቀጣዩ ደመወዟ በዝምታ አይቁረጡ፤ የአዋጁ አንቀጽ 59 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ ወይም ሠራተኛዋ በጽሑፍ ካልተስማማች ከደመወዝ መቀነስን ይከለክላል። ስሕተቱ የሒሳብ ክፍሉ እንጂ የሷ አይደለም፤ እሷ ታማ ነበር። እኔ ብሆን ለሥራ አስኪያጁ አንድ ገጽ ማስታወሻ ጽፌ፣ ለአራቱ የጎደለባቸውን 88.47፣ 73.73፣ 12.55 እና 6.27 ብር ከሚቀጥለው ደመወዝ ጋር እንዲከፈል አስፈቅዳለሁ፤ የቀቢዋን እተወዋለሁ። ያ 181.02 ብር በአስተዳደር ወጪ ይመዝገብ፤ ዴስኮቹ ላይ የሚያርፈው 5,385 ብቻ ነው። ማስታወሻው ላይ የ43,080ውን ዝርዝር አያይዘው፣ አናጢውን ጠርተው ያሳዩት።